የካይዘሩ ጉሮሮ

በ1887 ዓ.ም. መባቻ ላይ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የጀርመን አልጋ ወራሽ የልዑል ፍሪድሪኽ ድምፅ ሰለለ። ወሩ ጃንዋሪ፣ አገሩም በርሊን ስለነበረ ማንም ከጉንፋን አላስበለጠውም። ልዑሉ የ55 ዓመት ጎልማሳ ናቸው፤ ቁመተ ረጅም፣ ጢማም፣ ትንባሆ ወዳጅ፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ ጦርነቶች ጦር መርተው ድል ያደረጉ ሰው። አባታቸው ቀዳማዊ ቪልሄልም 90ኛ ዓመታቸውን ሊደፍኑ ጥቂት ሳምንታት ቀርቷቸዋል። እንግዲህ ዛሬ ነገ ዙፋን ይረከባሉ የሚባሉት ሰው ነበሩ ድምፃቸው የተዘጋው።

ይህን ድምፅ ለመስማት የሚጠብቀው ሕዝብ ቀላል አልነበረም። ልዑሉ ለ26 ዓመታት አልጋ ወራሽ ሆነው በትዕግሥት ተቀምጠዋል። ሚስታቸው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የመጀመሪያ ልጅ ናት፤ ስሟም እንደ እናቷ ቪክቶሪያ ነው። ባልና ሚስቱ የእንግሊዝን የፓርላማ ሥርዓት ያደንቃሉ፣ የቢስማርክን ክንደ ብርቱ አገዛዝ አይወዱም። የጀርመን ለዘብተኞች ተስፋቸውን ሁሉ በእኚህ ሰው ላይ ጥለው ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ልጃቸው ትንሹ ቪልሄልም አባቱን ያህል ለዘብተኛ አይደለም፤ ወታደርና ሰልፍ ይወዳል፣ እናቱን አይወድም። የታሪክ ጸሐፊዎች የአንድ ሰው ጉሮሮ ላይ ብዙ ቀለም ያፈሰሱት በዚህ ምክንያት ነው።

ማርች 6 ቀን የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ካርል ገርሃርት በመስተዋት የልዑሉን ጉሮሮ አዩ። በግራው የድምፅ አውታር ጠርዝ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር የምታክል ቀላ ያለች እብጠት ተለጥፋለች። በነገራችን ላይ ይህን የመስተዋት ዘዴ ለዓለም ያበረከተው ሐኪም አልነበረም። ማኑኤል ጋርሲያ የተባለ ስፔናዊ የዜማ መምህር ነው፤ በ1854 የፀሐይ ብርሃንና ሁለት መስተዋት ይዞ የገዛ ራሱን የድምፅ አውታር ሲንቀጠቀጥ አየ። እስከ 101 ዓመቱ ኖሮም ሐኪሞች ሲያመሰግኑት ሰምቷል። ከእሱ በፊት በሕይወት ያለ ሰው ማንቁርት ውስጥ ምን እንዳለ በዓይን ማየት ዘበት ነበር።

ገርሃርት እብጠቷን በሽቦ ቀለበት ሊቆርጧት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ከዚያ በኤሌክትሪክ በጋለ የፕላቲን ሽቦ ለሳምንታት ደጋግመው ተኮሷት። ቁስሉ ይጠግጋል ተብሎ ልዑሉ በኤፕሪል ወር ባድ ኤምስ ወደሚባለው ጠበል መሰል የሞቀ ውኃ አገር ተላኩ። ሲመለሱ እብጠቷ ተመልሳ በቅላ፣ እንዲያውም ገዝፋ ተገኘች። ገርሃርት በዚህ ጊዜ ነቀርሳ ነው ብለው ጠረጠሩ። የቀዶ ሕክምናው ሊቅ ኤርንስት ፎን በርግማን ተጠሩ፤ እሳቸውም ከገርሃርት ጋር ተስማሙና ማንቁርቱ በውጭ በኩል ተከፍቶ እብጠቷ ከነሥሯ እንድትወጣ ወሰኑ። ቀኑ ለሜይ 21 ተቆረጠ። ቢስማርክ በማስታወሻቸው እንደሚነግሩን ከሆነ ሐኪሞቹ ለሕመምተኛው ሳይነገር ሊቀዱ አስበው ነበር፤ የንጉሡና የባለቤቱ ፈቃድ ሳይጠየቅ አይሆንም ብለው ያስቆሙት እሳቸው መሆናቸውን ይናገራሉ።

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይላል የአገራችን ሰው። የበርግማን ሐሳብ ይኸው ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ ጉሮሮ መክፈት ዛሬ እንደምናውቀው ቀዶ ሕክምና አልነበረም። ቪየና ውስጥ ቢልሮት ሙሉ ማንቁርት ቆርጦ ካወጣ ገና 13 ዓመት አልፎታል፤ በቢላዋ ሥር ከገቡት ውስጥ ብዙዎቹ አይተርፉም፤ የሚተርፈውም ድምፁ እንደነበረ አይመለስም። እብጠቷ ነቀርሳ ካልሆነች የመንግሥቱን ወራሽ በከንቱ ማረድ ይሆናል። ነቀርሳ ከሆነች ደግሞ እያንዳንዱ የዘገየ ቀን ገዳይ ነው። ስለዚህ ሌላ ሐኪም ይታከልበት ተባለ። በኋላ ጥፋቱ ሁሉ በእንግሊዛዊቷ ሚስት ላይ ቢላከክም፣ ከለንደን ሞሬል ማኬንዚ እንዲጠሩ የጀርመኖቹ ሐኪሞች ራሳቸው ተስማምተው ነበር።

ማኬንዚ በ1863 ለንደን ውስጥ ለጉሮሮ በሽታ ብቻ የሚያገለግል ሆስፒታል ያቋቋሙ፣ በሙያው በአውሮፓ ወደር ያልተገኘላቸው፣ እጀ ቀላልና ምላሰ ለስላሳ ሰው ነበሩ። ሜይ 20 ማታ በርሊን ገብተው ጉሮሮውን አዩና ነቀርሳ መሆኑ አልተረጋገጠም አሉ። ሊረጋገጥ የሚችለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ከእብጠቷ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ በአጉሊ መነጽር ይታይ። በማግሥቱ፣ ለቀዶ ሕክምናው በተቆረጠው ቀን፣ በአፍ በኩል መቆንጠጫ ሰደው አንዲት ቁራጭ ሥጋ አወጡ። ቁራጯም ሩዶልፍ ፊርኾ ዘንድ ተላከች።

ፊርኾ ማን እንደሆኑ ለማያስታውስ አንባቢ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በሽታ የሚባለው ነገር ሁሉ ከሕዋስ ይጀምራል፣ ሕዋስም ሁሉ ከሌላ ሕዋስ ይወለዳል የሚለውን ትምህርት በ1858 መጽሐፋቸው በአውሮፓ ያስፋፉ ሰው ናቸው። የዓለም የበሽታ መርማሪዎች አባት ቢባሉ ማጋነን አይሆንም። በዚያ ላይ የፓርላማ አባልና የቢስማርክ ቀንደኛ ተቃዋሚ ነበሩ፤ በ1865 ቢስማርክ በነገር ተነክተው የሽጉጥ ግጥሚያ ጠይቀዋቸው እንደነበር ይታወቃል። ልዑሉ ቢነግሡ ከሚደሰቱት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ይህን የምጠቅሰው ፍርዳቸውን ፖለቲካ አጣመመው ለማለት አይደለም፤ ለዚያ አንድም ማስረጃ የለም። ነገሩ ምን ያህል ሰው ምን ያህል ተስፋ በአንዲት ቁራጭ ላይ እንዳንጠለጠለ ለማሳየት ነው።

ፊርኾ በቁራጯ ነቀርሳ አላገኙም። ሜይ 23 ሌላ ቁራጭ ለማውጣት ተሞከረ። ገርሃርት በዚህ ጊዜ ማኬንዚ ጤነኛውን የቀኝ አውታር አቆሰሉ ብለው ተቆጡ፤ የሁለቱ ጠብም ከዚያ ቀን ጀምሮ አልበረደም። ጁን 8 ሦስተኛ ቁራጭ ወጣ። ፊርኾ በማግሥቱ በጻፉት ዘገባ የላይኛው ሽፋን መወፈሩንና ኪንታሮት መሳይ ዕድገት ማሳየቱን ገለጹ፤ የክፋት ምልክት ግን የለም። ዘገባው ለልዑሉ ቤተሰብ የምሥራች ነበር።

ይሁን እንጂ በዘገባው ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ከዘገባው ሁሉ የከበደው እሱ ይመስለኛል። ፊርኾ የተቆረጡት ቁራጮች መልካም ተስፋ የሚሰጡ ቢሆኑም፣ ይህ ፍርድ ለጠቅላላው በሽታ ይሠራል ወይ የሚለውን ከእነዚህ ቁራጮች በእርግጠኝነት መናገር እንደማይቻል ጽፈዋል። ማለትም እኔ ያየሁት የላካችሁልኝን ነው፤ ያልላካችሁልኝን አላየሁም ነው ነገሩ። ማኬንዚ የዘገባውን የመጀመሪያ ግማሽ ያዙ፣ ጋዜጦችም ያንኑ አራገቡት፤ ሁለተኛው ግማሽ ወረቀት ላይ ቀረ። ከሐኪም ቤት ወረቀት ተቀብሎ የሚያጽናናውን መስመር ብቻ ያነበበ ሰው ሁሉ ይህን ጠባይ ያውቀዋል።

ልዑሉ በዚያው ወር ለንደን ሄደው በአማታቸው የ50 ዓመት የንግሥና በዓል ላይ ነጭ የጦር ልብስ ለብሰው በፈረስ ተሰለፉ፤ ያያቸው ሰው ሁሉ አደነቀ። ማኬንዚ በሴፕቴምበር የ«ሰር» ማዕረግ ተሰጣቸው። ከዚያ ስኮትላንድ፣ ቲሮል፣ ቬኒስ፣ በመጨረሻም በኅዳር መባቻ የኢጣሊያዋ የባሕር ዳር ከተማ ሳን ሬሞ። ድምፁ አልተመለሰም። ኖቬምበር 6 ቀን ማኬንዚ ሳን ሬሞ ደርሰው በመስተዋቱ ሲያዩ ከድምፅ አውታሩ በታች አዲስ ዕድገት አገኙ፤ መልኩ የመጀመሪያው ዓይነት አይደለም። ልዑሉ ነቀርሳ ነው ወይ ብለው በቀጥታ ጠየቁ። ማኬንዚም መልኩ እንደዚያ ይመስላል፣ ለማረጋገጥ ግን አይቻልም ብለው መለሱ። ከቪየና፣ ከበርሊንና ከፍራንክፈርት የመጡ ሐኪሞችም ነቀርሳ መሆኑን ፈረዱ። ማንቁርቱ በሙሉ ይውጣ ወይስ ይቅር የሚለው ምርጫ ሲቀርብላቸው ልዑሉ ይቅር አሉ።

በፌብሩዋሪ 9 ቀን 1888 ትንፋሽ ስላጠራቸው የበርግማን ረዳት ብራማን አንገታቸውን በስቶ የመተንፈሻ ቱቦ አስገባላቸው። ከዚያ በኋላ ተናግረው አያውቁም። ማርች 9 አባታቸው ሞቱና ፍሪድሪኽ ሣልሳዊ ተብለው ነገሡ። ንጉሡ አዋጅ የሚያውጁት፣ ሚኒስትር የሚያዙት፣ ከሚስታቸው ጋር የሚጫወቱት በብጣሽ ወረቀት እየጻፉ ነበር። ይህ 99 ቀን ቆየ። በሕመሙ መሐል እንኳ የሐኪሞቹ ጠብ አላባራም፤ ኤፕሪል 12 በርግማን ቱቦውን ሲለውጡ በተሳሳተ መንገድ ገፍተው አቆሰሉ ተብለው በማኬንዚ ተከሰሱ። ጁን 15 ካይዘሩ አረፉ። ልጃቸው ዳግማዊ ቪልሄልም በ29 ዓመታቸው ዙፋኑን ያዙ፤ ያቺ ዓመት በጀርመን ታሪክ የሦስቱ ካይዘሮች ዓመት ትባላለች።

አዲሱ ካይዘር እናታቸው እያለቀሱ አስከሬኑ እንዲመረመር አዘዙ። በማግሥቱ ጁን 16 ቢላዋ የያዙት ፊርኾ ሲሆኑ ከጎናቸው የአካል አወቃቀር ሊቁ ቪልሄልም ቫልዳየር ቆመዋል። ማንቁርት የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቀላል፤ ነቀርሳው በልቶት ባዶ ጉድጓድ ሆኗል። በአንገቱ ዕጢ ላይም ተዛምቷል። ቫልዳየር ይህን አስቀድመው ያውቁ ነበር፤ ከጥቂት ወራት በፊት፣ ፊርኾ ከሽሊማን ጋር ግብፅ ውስጥ ጥንታዊ ፍርስራሽ ሲጎበኙ፣ የሕመምተኛውን አክታ በአጉሊ መነጽር አይተው የነቀርሳ ሕዋሶች ያገኙት እሳቸው ናቸው።

እዚህ ላይ ታሪክ ራሱ ያመቻቸው የሚመስል ግጥምጥሞሽ አለ። ቫልዳየር በዚያው በ1888 ዓመት በሌላ ሥራቸው ሕዋስ ሲከፈል በውስጡ ለሚታዩት፣ ቀለም ለሚጠጡት ክር መሳይ ነገሮች አንድ ስም አወጡ፤ ክሮሞዞም። ከካይዘሩ አስከሬን አጠገብ የቆሙት ሰው፣ ፊርኾ በቁራጩ ውስጥ ሊያዩት ያልቻሉት ምሥጢር የተቀመጠበትን ነገር በዚያው ዓመት ክርስትና አነሱት ማለት ነው። ያንጊዜ ግን ሁለቱን ነገር ያገናኘ ሰው አልነበረም።

ከቀብር በኋላ የመጣውን የወረቀት ጦርነት በአጭሩ ልለፈው። የጀርመኖቹ ሐኪሞች በጁላይ የራሳቸውን ዘገባ አሳተሙ፤ ማኬንዚም በኦክቶበር መጽሐፍ ጽፈው ባልደረቦቻቸውን በስም እየጠሩ ዘለፉ። የሕመምተኛን ገመና አደባባይ አወጡ ተብለው በ1889 በአገራቸው የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ተወገዙ። በ1892 በ54 ዓመታቸው ሞቱ። ፍሪድሪኽ በሕይወት ቢቆዩ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አይነሣም ነበር የሚሉ እስከ ዛሬ አሉ። እኔ በዚህ አላምንም። የጀርመን ጦርና የጀርመን መኳንንት በአንድ ሰው በጎ ፈቃድ የሚለሰልሱ አልነበሩም፤ ሰውየውም ቢሆኑ ለዘብተኛነታቸው ከጠባያቸው ይልቅ በሚስታቸው ደብዳቤዎች ውስጥ የጎላ ነው። ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፤ የዘመኑ ታላቅ የበሽታ መርማሪ ቁራጩን በእጁ ይዞ ለምን አላየውም?

አንደኛው መልስ ቁራጯ ትንሽና ከላይ የተቆነጠጠች መሆኗ ነው። ሁለተኛው ዘግይቶ የመጣ ነው። በ1948 አከርማን የተባለ አሜሪካዊ የበሽታ መርማሪ ኪንታሮት የሚመስል፣ ላዩ ጨዋ፣ ሥሩ ግን ቀስ እያለ የሚበላ የነቀርሳ ዓይነት ገለጸ። ከላይ የተቆረጠ ቁራጭ ከዚህ ዓይነቱ ነቀርሳ ምንም ክፋት አያሳይም። የፊርኾን ዘገባ ዳግመኛ ያነበቡ ሊቃውንት የካይዘሩ በሽታ ይህ ወይም ከዚህ ጋር የተቀላቀለ ነበር ይላሉ። ይህ እውነት ከሆነ ፊርኾ አልተሳሳቱም፤ ዓይናቸው ያየውን በትክክል ጽፈዋል። ያጠረው ዓይን ራሱ ነው። የሕዋስን መልክ ማየትና የሕዋስን ዕጣ ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ዕጣውን ፍለጋ የጀመረው ሩቅ ሳይሄድ እዚያው ፊርኾ ቤት ነው። ረዳታቸው ዳቪድ ፎን ሃንሰማን በ1890 የነቀርሳ ሕዋሶች ሲከፈሉ ክሮሞዞማቸውን እኩል እንደማይካፈሉ አየ፤ አንዱ ልጅ ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ይወርሳል። ከዚያ ቴዎዶር ቦቬሪ የተባለ ጀርመናዊ የባሕር ጃርት እንቁላል በሁለት ዘር እንዲፀነስ እያደረገ ክሮሞዞሙ የተዛባ ሕዋስ እንዴት እንደሚበላሽ ሲያጠና ቆይቶ በ1914 አንድ ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። ነቀርሳ የሚጀምረው ክሮሞዞሙ ከተዛባ ከአንዲት ሕዋስ ነው አለ፤ ዕድገትን የሚገቱ ክሮሞዞሞች ሲጠፉ ሕዋሱ ልጓሙን ይበጥሳል ብሎም ገመተ። ራሱ የነቀርሳ ሐኪም አልነበረም። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ ሞተ፤ ሐሳቡንም ለብዙ ዓመታት የሚከተለው አልተገኘም።

በ1953 ሁለት ነገር ሆነ። ዋትሰንና ክሪክ የዲ ኤን ኤን መንታ ጠመዝማዛ ገለጹ፤ ይህን ዓለም ያውቀዋል። በዚያው ዓመት ስሎተርና ሁለት ባልደረቦቹ የ783 የአፍ ነቀርሳ ሕመምተኞችን ሥጋ መርምረው ያሳተሙትን ጽሑፍ ከሙያው ሰዎች በቀር የሚያውቀው የለም፤ ለጉሮሮ ታሪክ ግን የሚያንስ አይደለም። በእብጠቱ ዙሪያ ያለው፣ በዓይን ጤነኛ የሚመስለው ሥጋ ሁሉ ተለውጦ አገኙት። ከአሥር ሕመምተኞች ከአንድ በላይ በሚሆኑት ደግሞ ለብቻው የበቀለ ሌላ ነቀርሳ ነበረ። ስለዚህ ነቀርሳ አንድ አረም ሳይሆን የተበላሸ ማሳ ነው አሉ፤ ትንባሆና አልኮል የሚያልፉበት መንገድ በሙሉ ተመርዟል፤ አረሙ የሚታየው ከማሳው አንድ ጥግ ላይ ነው። ሐኪሙ አረሙን ነቅሎ ሕመምተኛውን ከላከ በኋላ በሽታው የሚመለሰውም ስለዚህ ነው።

ማሳውን በዓይን ሳይሆን በሞለኪውል ማንበብ የተቻለው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ፒ 53 የተባለው ፕሮቲን በ1979 ተገኘ። አሥር ዓመት ያህል የነቀርሳ አነሳሽ ነው ሲባል ቆይቶ በ1989 ነገሩ ተገለበጠ፤ ዘበኛ እንጂ ሌባ አይደለም ተባለ። ዲ ኤን ኤ ሲበላሽ የሕዋሱን መከፈል የሚያስቆመው እሱ ነው፤ ዘበኛው ሲሞት ወይም ሲታመም ቤቱ ይዘረፋል። በራስና በአንገት ነቀርሳዎች ውስጥ ደግሞ ይህ ዘበኛ በአብዛኛው ተበላሽቶ ይገኛል።

በዚህ ጉዳይ ብዙ የሠራው በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲው የዴቪድ ሲድራንስኪ ቡድን ነው። በ1994 ከሥራቸው አንዱ የካይዘሩን ታሪክ የሚያስታውስ ነበር፤ ጉዳዩ የጉሮሮ ሳይሆን የፊኛ ነው እንጂ። የፕሬዚዳንት ጆንሰን ምክትል የነበሩት ሂዩበርት ሃምፍሬይ በ1967 የሽንት ናሙና ሰጥተው መርማሪዎች ቁርጥ ያለ ቃል ሳይሰጡ ቀሩ። በ1968 ከኒክሰን ጋር ተወዳድረው ተሸነፉ። በ1976 ሥር የሰደደ የፊኛ ነቀርሳ ተገኘባቸው፤ በ1978 መጀመሪያ ሞቱ። ቡድኑ ተጠብቆ የቆየውን የ1967 ናሙና አውጥቶ ሲመረምረው በኋላ በነቀርሳው ውስጥ የነበረው የፒ 53 ጉዳት ያኔውኑ በሽንቱ ውስጥ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ ማለት ነው።

በ1995 ያው ቡድን ወደ ጉሮሮ ዞረ። ነቀርሳቸው ተቆርጦ የወጣላቸውንና የቁርጡ ጠርዝ በአጉሊ መነጽር ንጹሕ ነው የተባለላቸውን 25 ሕመምተኞች ወስዶ ጠርዙን በፒ 53 ፈተነው። በ13ቱ ላይ በዓይን ያልታዩ የተበላሹ ሕዋሶች ተገኙ። ከ13ቱ በ5ቱ በሽታው እዚያው ቦታ ተመለሰ፤ ንጹሕ ከተባሉት ከ12ቱ ግን በአንዱም አልተመለሰም። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ትርጉሙ ግን ፊርኾ በዘገባቸው የጻፉትን ያን ዓረፍተ ነገር በዘመናዊ ቋንቋ የደገመ ይመስላል። በ1996 ደግሞ ጉዳቱ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚመጣ ካርታ ተነሣ፤ ከዘጠነኛው ክሮሞዞም አጭር ክንድ ቁራጭ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ከሦስተኛው፣ ከአሥራ ሰባተኛው ይቀጥላል። የመጀመሪያው ጉድለት ሕዋሱ ገና ጨዋ መልክ ሳለ የሚታይ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተስፋ በተሞላበት ጊዜ ነው ዮን ሱድበ የመጣው። ኖርዌጂያዊ ነው፤ የጥርስም የአጠቃላይ ሕክምናም ትምህርት ያለው፣ በኦስሎው የራዲየም ሆስፒታል የሚሠራ ወጣት ተመራማሪ። በ2001 በአሜሪካው ኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ የሙያውን ሰዎች አስጨበጨበ። በአፍ ውስጥ ሉኮፕላኪያ የሚባል ነጭ ልጥፍ ያለባቸው 150 ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ነጭ ልጥፎች ነቀርሳ አይሆኑም፤ ጥቂቶቹ ይሆናሉ፤ የትኞቹ እንደሆኑ በአጉሊ መነጽር መለየት አስቸጋሪ ነው። ሱድበ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን የዲ ኤን ኤ መጠን ለካሁ አለ። መጠኑ ጤነኛ ከሆነላቸው 105 ሰዎች ነቀርሳ የያዛቸው 3 ብቻ፤ መጠኑ እጥፍ ከሆነባቸው 20 ሰዎች 12፤ መጠኑ ከተዛባባቸው 25 ሰዎች ደግሞ 21። የሃንሰማንና የቦቬሪ ሐሳብ ከመቶ ዓመት በኋላ በቁጥር ተረጋገጠ ተባለ። እንዲህ ንጹሕ የሆነ ትንቢት በሕክምና ታሪክ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ያ ራሱ ሊያጠራጥር ይገባ ነበር ማለት ከሆነ በኋላ ቀላል ነው።

ነገሩ የተጋለጠው በሌላ ጽሑፍ ነው። በኦክቶበር 2005 የእንግሊዙ ላንሴት መጽሔት ላይ ሱድበ አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎች በትንባሆ አጫሾች ላይ የአፍ ነቀርሳን እንደሚቀንሱ ጻፈ፤ ማስረጃውም 454 ሕመምተኞችና 454 ጤነኞች፣ በድምሩ 908 ሰዎች፣ ከኖርዌይ ብሔራዊ የጤና መዝገብ የተወሰዱ ናቸው አለ። በኖርዌይ የሕዝብ ጤና ተቋም የምትሠራ ካሚላ ስቶልተንበርግ የተባለች ሐኪም ጽሑፉን ለገና ዕረፍት ስታነበው ተገረመች፤ የተጠቀሰው መዝገብ በተባለው ጊዜ ለተመራማሪዎች ገና አልተከፈተም ነበር። በጃንዋሪ 2006 ሱድበ መረጃውን መፍጠሩን አመነ። ከ908ቱ ሰዎች 250ዎቹ በአንድ ቀን የተወለዱ ተደርገው ተጽፈዋል። ሐሰት ሲፈጥር እንኳ የልደት ቀን ለማፈራረቅ ሰንፎ ነበር።

መርማሪ ኮሚሽን ተሰየመ፤ በጁን 2006 ያወጣው ሪፖርት የሱድበ አብዛኛው ሥራ ዋጋ የለውም አለ። የዶክትሬት ዲግሪው ተሰረዘ፣ የሐኪምነትና የጥርስ ሐኪምነት ፈቃዱ ተነጠቀ። ኒው ኢንግላንድ መጽሔትም በኖቬምበር ጽሑፎቹን ሰረዘ። ከእነዚያ ጽሑፎች በአንዱ የሁለት ሕመምተኞች ሥጋ ተብለው የቀረቡ ሁለት ፎቶግራፎች የአንድ ምስል የተለያየ ማጉያ ሆነው ተገኙ። ፊርኾ ያየውን ጽፎ ያላየውን አላየሁም ያለ ሰው ነበር፤ ሱድበ ግን ያላየውን አየሁ አለ። በመካከሉ የሚያሳዝኑት በነጭ ልጥፋቸው ላይ ይህን ምርመራ ተመርኩዞ ምክር የተሰጣቸው ሰዎች ናቸው። አንዱ ሐኪም ዲ ኤን ኤህ ጤነኛ ነው፣ ሂድ ብሎት ይሆናል፤ ሌላው ደግሞ ከማይቀርልህ ተቆረጥ ብሎት ይሆናል።

የሱድበ ውሸት ሐሳቡን ራሱን ውሸት አላደረገውም፤ ይህን ብዙ ሰው ይስተዋል። የዲ ኤን ኤ መዛባት ከነቀርሳ ጋር መያያዙን ሌሎች በቅን መንገድ ሲያጠኑት ግንኙነቱ አለ፤ ነገር ግን 3 ከ105 እና 21 ከ25 እንደሚለው የጠራ አይደለም። በካናዳዋ ቫንኩቨር ሚሪያም ሮዚንና ባልደረቦቿ ደግሞ በዝግታ ሄዱ። በ2000 መጠነኛ ለውጥ ብቻ የታየባቸው የአፍ ሥጋዎች ውስጥ ከሦስተኛውና ከዘጠነኛው ክሮሞዞም ቁራጭ የጠፋባቸው ወደ ነቀርሳ የመለወጥ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳተሙ። ቀጥለው አዲስ ሕመምተኞችን ለዓመታት እየተከታተሉ ግኝታቸውን ራሳቸው ፈተኑት፤ በ2012 ውጤቱ ጸንቶ ተገኘ። ይህ ሥራ የጋዜጣ አርዕስት አልሆነም።

ማወቅና ማዳን ግን አሁንም አንድ አይደሉም። በዚያው ምልክት አደጋ ላይ ናቸው ተብለው የተለዩ 150 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሶቹ ኤርሎቲኒብ የተባለ መድኃኒት፣ ገሚሶቹ ባዶ ክኒን ተሰጣቸው። በ2016 ውጤቱ ወጣ። ምልክቱ በትክክል ተንብዮአል፤ ክሮሞዞማቸው የጎደለባቸው በብዛት ታመሙ። መድኃኒቱ ግን ከባዶው ክኒን አልተሻለም። ስለዚህ ዛሬም በአብዛኛው የዓለም ሆስፒታል የጉሮሮና የአፍ ቁራጭ የሚዳኘው በአጉሊ መነጽር ነው፤ ያንኑ ቁራጭ ሁለት የበሽታ መርማሪዎች አይተው አንዱ መጠነኛ፣ ሌላው ከባድ ለውጥ ነው ብለው መለያየታቸውም የተለመደ ነው።

በዚህ መሐል በሽታው ራሱ መልኩን ለወጠ። በ1983 የጀርመኑ ሃራልድ ዙር ሃውዘን ቡድን በማኅፀን በር ነቀርሳ ውስጥ ያገኘው የፓፒሎማ ቫይረስ፣ ቁጥር 16 የሚባለው፣ በቶንሲልና በምላስ ሥር ነቀርሳዎች ውስጥም ተገኘ፤ በተለይ በአሜሪካና በሰሜን አውሮፓ፣ ትንባሆ ባላበዙ ሰዎች ላይ። ቫይረሱ ዘበኛውን ፒ 53ን ጂኑን ሳያበላሽ ፕሮቲኑን ብቻ እያስፈጀ ሥራ ያስፈታዋል፤ ይህን የሚያደርግበት መሣሪያ ኢ 6 ይባላል። በ2013 የወጣ አንድ የአውሮፓ ጥናት በጤንነታቸው ጊዜ ደም ሰጥተው ከዓመታት በኋላ የታመሙ ሰዎችን ደም ከማቀዝቀዣ አውጥቶ መረመረ። የዚህ ዓይነት የጉሮሮ ነቀርሳ ከያዛቸው ከመቶው በ35ቱ ያህል ደም ውስጥ የኢ 6 ጸረ እንግዳ አካል አስቀድሞ ነበረ፤ በአንዳንዶቹ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ። ካልታመሙት ግን ከመቶው አንድ እንኳ አልሞላም።

ካይዘር ፍሪድሪኽ በመስተዋት የምትታይ እብጠት ነበረቻቸው፤ የጠፋው ምንነቷን የሚናገር ምልክት ነበር። ይህ ደም ያለበት ሰው ደግሞ ምልክቱ አለው፤ ሐኪሙ ጉሮሮውን ከፍቶ ቢያይ ቶንሲሉ ጤነኛ ነው፣ ምላሱ ጤነኛ ነው፣ የሚቆርጠው ነገር የለም። በየስንት ወሩ ይታይ፣ ቶንሲሉ ሳይታመም ይውጣ ወይስ ይቆይ፣ ጭራሹንስ ይነገረው ወይ የሚለው ሐኪሞቹን እያከራከረ ነው።